ሩት ነጋ ከካሜራ ወደ መድረክ ለምን ትመለሳለች?

አንዲት የቴአትር ጥበባት ተማሪ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «መምህር፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ኦዲሽን ገብቼ አለፍኩ። በዚያው ሳምንት የቴአትር ቡድናችን በአዲስ ተውኔት ላይ ብዙ የማትናገር ሴት ሆኜ እንድጫወት መረጠኝ። ጓደኞቼ ‹ቴአትር መሸጋገሪያ ነው፤ ካሜራ ካገኘሽ በኋላ ዞረሽ አትዪው› ይሉኛል። ምሳሌያቸው ሩት ነጋ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ በአንድ ፊልም ብቻ ኦስካር ደጃፍ ደረሰች ይላሉ። እውነት ነው? ደግሞስ የእኛ ናት ወይስ የአየርላንድ?»

እህቴ፣ ጓደኞችሽ ስሟን በትክክል ጠርተዋል። ታሪኳን ግን ገልብጠውታል። የሷ ሕይወት ቴአትርን ለመተው ምሳሌ ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ስሟ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ መድረክ የተመለሰች ሴት ናት። ይህን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ አጭር ነውና። የሁለቱም ናት። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ናቸው። አዲስ አበባ ተወልዳ እስከ 4 ዓመቷ እዚሁ ኖረች። 7 ዓመቷ ላይ አባቷ በመኪና አደጋ ሞተ። ያደገችው በአየርላንድ በሊመሪክ ከተማ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ደግሞ ለንደን ተማረች። ስሟ በለንደንና በኒውዮርክ የቴአትር ፖስተር ላይ ሲወጣ «ነጋ» የሚለውን አንብቦ ትርጉሙ ወለል የሚልለት ሰው የኛ ሰው ብቻ ነው። በዚህ ደስ ይለኛል። የትወና ትምህርቷና የመጀመሪያ መድረኳ ግን የአየርላንድ ናቸው። አየርላንዶች «የኛ ተዋናይት» ሲሉ ልክ ናቸው። ከነሱ ሳንቀማ እንውደዳት።

ትወና የተማረችው ደብሊን ውስጥ ነው፣ በትሪኒቲ ኮሌጅ የሳሙኤል ቤኬት ማዕከል። ከዚያ የገባችው ቀጥታ ወደ መድረክ ነው። በ2003 የስቴላ ፊህሊ ተውኔት በሆነው «ዳክ» ላይ ተጫወተች። አዘጋጁ ማክስ ስታፎርድ ክላርክ ነበር። ተውኔቱ ለንደን ላይ የታየው በሮያል ኮርት ነው። ሮያል ኮርት ማለት የኛው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በወጣትነቱ ቴአትር ሊያጠና የሄደበት ቤት ነው። ሩት በዚህ ሥራ ለኦሊቪዬ ሽልማት ታጨች፣ ተስፋ በተጣለባቸው አዲስ ተዋንያን ዘርፍ። ኦሊቪዬ በእንግሊዝ ቴአትር ትልቁ ሽልማት ነው። «በአንድ ፊልም» የተባለው ፊልም የወጣው ከዚህ 13 ዓመት በኋላ ነው።

በማግስቱ ዓመት፣ በ2004፣ የደብሊኑ አቢ ቴአትር መቶኛ ዓመቱን አከበረ። አቢ ለአየርላንድ ብሔራዊ ቴአትራቸው ነው። ገጣሚው ሼመስ ሂኒ የሶፎክለስን «አንቲጎኔ» በራሱ ቋንቋ አዲስ አድርጎ ጻፈላቸው። አንቲጎኔን የተጫወተችው ሩት ነበረች። ታሪኩን ታውቂዋለሽ። ንጉሡ «ይህ ሬሳ አይቀበርም» ብሎ ያውጃል። እህት ደግሞ የወንድሜ ሬሳ ሜዳ ላይ አያድርም ብላ አፈር ታለብሰዋለች። ለቅሶና ቀብር ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ለኛ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ይህን ሸክም በመቶኛ ዓመቱ በዓል፣ በአገሪቱ ትልቁ መድረክ ላይ ተሸከመች።

አሁን ስለ አንድ ሥራ ትንሽ ልቆይ፣ ካንቺ ጥያቄ ጋር ስለሚገጥም። በ2005 በደብሊን በሼክስፒር «ታይተስ አንድሮኒከስ» ላቪኒያን ሆና ሠራች። ላቪኒያ በተውኔቱ መካከል ትደፈራለች፤ ምላሷ ይቆረጣል፤ እጆቿም ይቆረጣሉ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው መድረክ ላይ አለች። ቃል ግን የላትም። የምትጽፍበት እጅም የላትም። ተዋናይቷ የቀራት ዓይኗ፣ ትከሻዋና ትንፋሿ ነው። ሌሎቹ ተዋንያን ረጅም ረጅም ንግግር ያደርጋሉ። ተመልካቹ ግን እሷን ነው የሚያየው። እንዲህ ያለውን ገጸ ባህርይ ብዙ ተማሪዎቼ «መስመር የለውም» ብለው ሲመልሱት አይቻለሁ። በየጊዜው ልቤን ያመኛል። ብዙ የማትናገር ሴት ከሁሉም የበለጠ ልምምድ የምትፈልግ ናት። ስትናገሪ ቃሉ ይይዝሻል። ዝም ስትዪ የሚይዝሽ የለም።

ፊልም የመጣው በዚሁ መሐል ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ኒል ጆርዳን በ2005 «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» ላይ ከተዋናዩ ኪሊያን መርፊ ጎን አሠራት። እሷን ለማስገባት ሲል ጽሑፉን እንደለወጠ ተነግሯል። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ተከታተለ። በአየርላንድ «ላቭ ሄት»፣ በእንግሊዝ «ሚስፊትስ»። በ2011 ቢቢሲ በሠራው «ሸርሊ» ዘፋኟን ሸርሊ ባሲን ሆና ተጫወተች። በዚህም የአየርላንድ የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወሰደች። ለአሜሪካ ቴሌቪዥንም በማርቬሉ «ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ» ላይ ሠራች። ስለነዚህ ብዙ አልልም። ጥሩ ሥራዎች ናቸው፣ እንጀራም ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልጥቀስ። «12 ዓመት በባርነት» ላይም ሠርታ ነበር። ፊልሙ በ2013 ወጣ፣ በማግስቱ ዓመት የምርጥ ፊልም ኦስካርን ወሰደ። የሷ ክፍል ግን በአርትዖት ወጥቶ ቀርቷል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ፊልም እንዲህ ነው። አንቺ የሠራሽውን ሌላ ሰው፣ በሌላ ክፍል ውስጥ፣ ከወራት በኋላ ይቆርጠዋል ወይም ያስቀረዋል። መድረክ ላይ ግን መጋረጃው አንዴ ከተከፈተ ያን ምሽት የሚቆርጥሽ የለም። አንዳንድ ተዋንያን ለምን ወደ መድረክ እንደሚመለሱ ስትጠይቂ ይህንን አትርሺ።

ጓደኞችሽ መድረክንና ካሜራን ሁለት የተለያዩ አገሮች አድርገው ነው የሚያዩት። በ2009 የሆነውን ልንገርሽ። ለንደን የሚገኘው ናሽናል ቴአትር «ፌድር» የተባለውን ተውኔት አዘጋጀ። ሄለን ሚረን ፌድርን፣ ሩት ልዕልት አሪሲያን ሆኑ። አዘጋጁ ኒኮላስ ሃይትነር ነበር። በጁን 25 ምሽት ያ ዝግጅት በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤቶች ተላለፈ። ናሽናል ቴአትር እንዲህ ያለ ሥርጭት ሲሞክር የመጀመሪያው ነበር። እስኪ አስቢው። አዳራሹ ወደ 900 ሰው ይይዛል። ድምፅሽ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ መድረስ አለበት። በዚያችው ሰከንድ ካሜራ ፊትሽን አቅርቦ፣ ሌላ ከተማ የተቀመጠ ሰው የዓይንሽን ሽፋሽፍት በትልቅ ስክሪን ያያል። ለአንዱ ስትጮኺ ለሌላው ይበዛል። ለአንዱ ስትቀንሺ ለሌላው አይደርስም። መፍትሔው አንድ ነው። ድምፁ በትንፋሽ ይሂድ፣ ፊት ይረፍ። ይህንን የተማረ ሰው ሁለቱም ቦታ ይሠራል።

በማግስቱ ዓመት በዚያው ቴአትር ቤት «ሐምሌት» ላይ ኦፊሊያን ሆነች። ሐምሌትን ሮሪ ኪኒር ተጫወተ። በ2011 ደግሞ በለንደኑ ኦልድ ቪክ ቴአትር የጆን ሲንጅን «ፕሌይቦይ ኦፍ ዘ ዌስተርን ወርልድ» ሠራች። ፔጊን ማይክን ሆና፣ የጠላ ቤት ልንለው የምንችለውን የገጠር መጠጥ ቤት የምታስተዳድረውን ወጣት። ይህ ተውኔት በ1907 አቢ ላይ መጀመሪያ ሲታይ ሰው በንዴት ተነስቶ ረብሻ ሆኖ ነበር። ዛሬ አየርላንዶች ራሳቸውን የሚያዩበት ሥራ ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ቢሆንም ዜማው የአይሪሽ ነው፤ ቃላቱ የሚደረደሩት እንደ ገጠሩ ሰው አነጋገር ነው። ዜማው ካልገባሽ አንድ ገጽ አትዘልቂም። አዲስ አበባ የተወለደች ልጅ ያንን ዜማ ይዛ የምዕራብ አየርላንድን ሴት ሆና ለንደን ላይ ቆመች። የኛ ናት ወይስ የነሱ ለሚለው ጥያቄሽ ከኔ የተሻለ መልስ ይህ ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደ «ላቪንግ» ደረስን። ጄፍ ኒኮልስ የሠራው ይህ ፊልም በ2016 ካን ፌስቲቫል ላይ ታየ። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ሚልድረድ ጥቁር ናት፣ ሪቻርድ ላቪንግ ነጭ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ጋብቻቸውን ስለሚከለክል በ1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። ቤታቸው ተመልሰው ሳለ ሸሪፉ ሌሊት መኝታ ክፍላቸው ድረስ ገብቶ አሰራቸው። በ1959 ዳኛው የአንድ ዓመት እስር ፈረደ፤ ለ25 ዓመት ከቨርጂኒያ ከወጡ እስሩ ይቀርላቸዋል አለ። ወጡ። ሚልድረድ በ1963 ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች። ጉዳዩ በዚያ መንገድ የሲቪል መብት ጠበቆች ዘንድ ደረሰ። በጁን 12 ቀን 1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው።

ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢሠራው ፍርድ ቤት ውስጥ የሚጮህ ጠበቃ፣ የሚያለቅስ ሕዝብ ይሞላው ነበር። ኒኮልስ ካሜራውን ወጥ ቤትና ሳሎን ውስጥ አስቀመጠው። ፊልሙ የሚጀምረው በሩት ፊት ነው። ሌሊት ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ፌንጣ ይሰማል። ዝም ትላለች። ዝምታው ይረዝማል። ፊቷ ላይ ፍርሃት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ልትናገር ትልና ትተወዋለች። ከዚያ «አርግዣለሁ» ትላለች። ሪቻርድም መልሱን ቶሎ አይሰጣትም። እሷም ትጠብቃለች። ያቺ ጥበቃ ፊልሙን ሙሉ ትሸከማለች። አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ፍርድ የሚጠብቁ ሰዎችን ታሪክ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ በአንድ ፊት ላይ አየን።

ፍርዱ ሲመጣም እንዲሁ ነው። ባልና ሚስቱ ፍርድ ቤት አልሄዱም። ሚልድረድ ዜናውን የምትሰማው በስልክ ነው። ጠበቃው የሚለውን አንሰማም ማለት ይቻላል፤ ፊቷን ነው የምናነበው። አትጮህም፣ አትዘልም። ትንፋሿ ብቻ ሲለቀቅ ታያለሽ። ይህንን ሳይ ሁልጊዜ ላቪኒያ ናት ትዝ የምትለኝ። ከዘጠኝና ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ደብሊን ውስጥ፣ ያለ ቃል አዳራሽ ይዛ የቆመች ልጅ ናት ይህን ስልክ ያነሳችው። እንዲህ ያለ ዝምታ ቀረጻ ቦታ ላይ አይፈጠርም። ይዘሽው ነው የምትሄጂው።

በ2017 በዚህ ሥራ የምርጥ ተዋናይት ኦስካር እጩ ሆነች። አብረዋት የታጩት ኤማ ስቶን፣ ሜሪል ስትሪፕ፣ ናታሊ ፖርትማንና ኢዛቤል ዩፐር ነበሩ፤ ስቶን ወሰደችው። ሩት በቀይ ቀሚሷ ላይ ሰማያዊ ሪባን አድርጋ ነበር የመጣችው። ሪባኑ የላቪንጎችን ጉዳይ የያዘውን የሲቪል ነጻነቶች ማኅበር ለመደገፍ ነው። እኔ ከዚያ ምሽት ያስቀረሁት ያቺን ሪባን ነው። ለኦስካር ቀሚስ ለብሳ እንኳ ከተጫወተቻት ሴት አልተለየችም።

አሁን ለጓደኞችሽ የምትነግሪያቸው ነገር እነሆ። ከኦስካር እጩነት በኋላ ሰው ምን ያደርጋል? በቴሌቪዥን «ፕሪቸር» የተባለውን ተከታታይ ድራማ እየሠራች ነበር፤ ያ እስከ 2019 ቀጠለ። በመሐሉ በ2018 ወደ ደብሊን ተመለሰች። ወደ ጌት ቴአትር። አዳራሹ 371 መቀመጫ ነው ያለው። ያዘጋጀችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ያኤል ፋርበር ናት። ሩት የተጫወተችው ሐምሌትን ነው፤ ልዑሉን ራሱን፣ ጸጉሯን አሳጥራ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሳ። ከስምንት ዓመት በፊት ኦፊሊያን በሠራችበት ተውኔት።

ሐምሌት ወደ 1,500 መስመር ይናገራል። ሼክስፒር ከጻፋቸው ገጸ ባህርያት ሁሉ ረጅሙ ነው። በጸጋዬ ትርጉም በአማርኛ ያነበበ ሰው ክብደቱን ያውቃል። ሴት ስትጫወተው የመጀመሪያዋ አይደለችም፤ ፈረንሳዊቷ ተዋናይት ሳራ በርናርድ በ1899 ሠርታዋለች። ሆኖም አስቢው። ኦፊሊያ የሚነገራት፣ የሚወሰንባት፣ የሚሰለልባት ልጅ ናት። ያንን ወገን በሰውነቷ የምታውቅ ተዋናይት አሁን ኦፊሊያን በሚጎዳው ሰው ቦታ ቆመች። ያንን ትዕይንት ከሁለቱም በኩል ያየ ስንት ተዋናይ አለ? ፊልም ብታሳድድ ኖሮ ይህን አታገኘውም ነበር። ዝግጅቱ በ2020 መጀመሪያ ኒውዮርክ ብሩክሊን ወደሚገኘው ሴንት አንስ ዌርሃውስ ቴአትር ቤት ሄደ፣ ኮሮና የኒውዮርክን ቴአትር ቤቶች ሳይዘጋ በፊት።

የቀረውን ባጭሩ። በ2021 ሬቤካ ሆል ባዘጋጀችው «ፓሲንግ» ፊልም ላይ ክሌርን ሆነች፤ በ1920ዎቹ ነጭ መስላ የምትኖር ጥቁር ሴት ናት። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ክሌር የሚልድረድ ተቃራኒ ናት፤ ትስቃለች፣ ታወራለች፣ ቤቱን ትሞላለች። ግን መጀመሪያ የምናገኛት ሻይ ቤት ውስጥ ሌላይቱን ሴት ከሩቅ ዓይኗን ሳትነቅል ስታያት ነው፤ ያው ዝምታዋ። ለዚህ የኢንዲፔንደንት ስፒሪት የምርጥ ረዳት ተዋናይት ሽልማት አገኘች። በ2022 ደግሞ እንደገና መድረክ፤ በኒውዮርኩ ብሮድዌይ ላይ ከዳንኤል ክሬግ ጋር በሼክስፒር «ማክቤዝ» የማክቤዝን ሚስት ሠርታ ለአሜሪካው የቴአትር ሽልማት ለቶኒ ታጨች። በ2024 በአፕል «ፕሪዙምድ ኢኖሰንት» ተከታታይ የተከሳሹን ሚስት ባርባራን ሆና በማግስቱ ዓመት ለአሜሪካው የቴሌቪዥን ሽልማት ለኤሚ ታጨች። ተከታትለሽ ካየሽው መንገዱ መድረክ፣ ካሜራ፣ መድረክ፣ ካሜራ ነው።

ስላንቺ ጉዳይ ደግሞ። ድራማውን እምቢ በዪ አልልሽም። የቤት ኪራይና የታክሲ ወጪ እንዳለብሽ አውቃለሁ፤ እሷም ብዙ የቴሌቪዥን ሥራ ሠርታለች። እኔ ብሆን ሁለቱንም ለመያዝ እሞክራለሁ። ውል ከመፈረምሽ በፊት የቀረጻ ቀናትሽን በጽሑፍ ጠይቂ፤ በሳምንት ስንት ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። ለቴአትሩ አዘጋጅም ያንኑ ወረቀት አሳዪው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣላው ሥራው ሳይሆን ያልተነገረ ሰዓት ነው። ጨርሶ የሚጋጩ ከሆነ ግን፣ ገና ተማሪ ነሽና፣ የማትናገረዋን ሴት ያዢ። ኦዲሽን ያለፈ ሰው ሌላም ያልፋል። እንዲህ ያለች ገጸ ባህርይ ግን በየዓመቱ አትሰጥም።

እስከዚያ አንድ ልምምድ ልስጥሽ፣ ክፍል ውስጥ የምናደርገው ነው። የ«ላቪንግ»ን የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ድምፁን አጥፍተሽ እዪ። ስንቴ እንደምትተነፍስ ቁጠሪ። ዓይኗ መቼ ከሪቻርድ ላይ እንደሚነሳና መቼ እንደሚመለስ ጻፊ። ከዚያ የራስሽን ተውኔት አውጥተሽ፣ ያቺ ሴት መድረክ ላይ እያለች ሌሎች የሚናገሩትን ሁሉ ቀለም ቀቢው። ከያንዳንዱ መስመር አጠገብ እሷ ብትናገር የምትለውን በእርሳስ ጻፊላት። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ያንን ደብተር ይዘሽ ግቢ፣ ለማንም ግን አታሳዪ። የቀረጻ ፕሮግራምሽ ሲደርስሽ ላኪልኝ፤ ሰዓቱን አብረን እናያለን።